ያልተነበበው ውል

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የሁለት አዝመራዎች ወቅት ነው። አንደኛው የቡና ነው፤ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራና ከማና ቀዩ እሸት እየተለቀመ ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይጎርፋል፤ ጀንፈሉም በየደጁ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ሁለተኛው የተማሪ ነው፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ወጣት ሻንጣውን በሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኖ ከዩኒቨርሲቲው በር ይወርዳል። ስለ መጀመሪያው አዝመራ የማያውቅ የለም። እሸት በኪሎ ስንት እንደገባ፣ የትኛው ነጋዴ በሚዛን እንደሚበድል፣ የትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር ዓመቱ ሲያልቅ የትርፍ ድርሻ እንደሚያከፋፍል ልጅ አዋቂው ያወራዋል። ስለ ሁለተኛው አዝመራ ግን፣ ማለትም አንድን ልጅ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ስንት እንደሚፈጅ፣ ወጪውን ማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደሚከፍለው፣ የተማረው ሰው ሳይቀር አጥርቶ አያውቅም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ አለማወቅ ነው። አለማወቁ የግለሰቦች ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩበት ነበር። ነገሩ የፖለቲካ ጉዳይ ነው የምለው፣ አንድ መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው ብድር ዜጋው ሳይረዳው የሚፈረም ከሆነ፣ ብድሩ ለማን እንደደረሰና ማንን እንደዘለለም የሚጠይቅ ስለማይኖር ነው።

በማስተምርባቸው ክፍሎች አንድ ጥያቄ መጠየቅ ልማድ አድርጌአለሁ። «ከመካከላችሁ የወጪ መጋራት ውል የፈረማችሁ?» ስል ሁሉም እጁን ያወጣል። «ያነበባችሁት?» ስል ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይቀራል። «ስንት ብር እንደሆነ የምታውቁት?» ስል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ፣ «መምህር፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ፈርመን አለፍን» ሲል መለሰልኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በሕይወቱ የመጀመሪያውን፣ ምናልባትም ለብዙ ዓመታት ትልቁን የብድር ውል የሚዋዋለው ሰልፉ እንዳይረዝም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የወጪ መጋራት ሥርዓት በአገራችን ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ነው። ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተወሰነና ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 154 ተከተለው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም በቁጥር 650/2001፣ ኋላም በቁጥር 1152/2011 ተተክቷል፤ የወጪ መጋራት መርህ ግን ከአንዱ አዋጅ ወደሌላው እየተሻገረ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

የሥርዓቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በመንግሥት ተመድቦ በመደበኛው የቀን መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ከ15 በመቶ የማያንሰውን ድርሻ ይሸከማል። ይህን ድርሻ ግን ዛሬውኑ እንዲከፍል አይገደድም። ተመርቆ፣ የእፎይታ ጊዜውን ጨርሶ፣ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ይከፍላል። የሚቆርጠው አሠሪው ነው፤ የሚሰበስበው ደግሞ የገቢዎች መሥሪያ ቤት። በዘርፉ ሊቃውንት ዘንድ ይህ አሠራር የምሩቃን ግብር ይባላል።

በውሉ ቅጽ ላይ ተማሪው የሚመርጣቸው ነገሮች አሉ። ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይም ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል፤ በዓይነት ወይም በጥሬ ገንዘብ ሊጠይቅም ይችላል። ተማሪዎቻችን «ካፌ» እና «ነን ካፌ» የሚሉት ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው። በቅድሚያ ለሚከፍል ወይም ከምረቃ በኋላ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለሚያጠናቅቅ ጥቂት በመቶ ቅናሽ አለው። መምህርነትን በመሳሰሉ ሙያዎች የሚሰማሩ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ዘመን እንዲከፍሉ መንገድ ተከፍቶላቸዋል። እነዚህ ሁሉ አማራጮች ናቸው። አማራጭ አማራጭ የሚሆነው ግን የመራጩ ዓይን ሲገለጥ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተማሪ ገቢው ከተወሰነ ወለል ሲያልፍ ብቻ የሚከፍለውን የትምህርት ብድር ጀመረች፤ የዕቅዱ መሐንዲስ ተብሎ የሚጠቀሰው የምጣኔ ሀብት ሊቁ ብሩስ ቻፕማን ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያለው መያዣ ደግሞ ገና ያልኖረው ዕድሜው ነው። ስለዚህ ብድሩን መንግሥት ያበድር፣ አደጋውን መንግሥት ይሸከም፣ ተማሪው ከተሳካለት ይክፈል፣ ካልተሳካለት አይታነቅ። እኔ በመርህ ደረጃ የዚህ ሐሳብ ደጋፊ ነኝ። ተቃውሞዬ ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ ስለለበሰው ልብስ ነው።

«ነጻ» የተባለው ዘመን

ወጪ መጋራት ሲነሳ ብዙ የተማሩ ወዳጆቼ በትዝታ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። በእነሱ ዘመን ትምህርት በነጻ ነበር፤ ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት ነበር። እውነት ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጥቂቶች ዕዳ ፈርመው አልገቡም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዳይረሳ እሻለሁ።

አንደኛ፣ ያ ትምህርት ከፋዩ ያልታየ እንጂ ከፋይ የሌለው አልነበረም። ባለፈው ምዕተ ዓመት አብዛኛው ዕድሜ ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያስገባ የነበረው ቡና ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባውን ተማሪ ወጥና እንጀራ ይከፍል የነበረው፣ ልጁን አንደኛ ደረጃ እንኳን ማስጨረስ ያልቻለው የከፋ ክፍለ ሀገር ገበሬ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያም ትውልድ ቢሆን ጨርሶ አልከፈለም ማለት አይቻልም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ አገልግሏል። ክፍያው በገንዘብ ሳይሆን በዓመት ይቆጠር ነበር፤ ምን እንደሚከፈልና ለምን እንደሚከፈልም ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ግልጽነት ሲጎድል የሚሆነውንም ታሪካችን ጽፎታል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የምንለው፣ በውስጡ በጎ ሐሳብ አልጠፋውም ነበር። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ከመምህራንና ከሕዝብ ተሸሽጎ ቆየ። በመጨረሻ ይፋ ሲሆን መምህሩ ኑሮው ሊደፈርስ፣ ድሃውም የልጁ የትምህርት በር ሊዘጋበት እንደሆነ አመነ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ በትምህርት ገንዘብ ጉዳይ ያልተብራራ ፖሊሲ፣ ደግ እንኳን ቢሆን፣ እንደ ሴራ ይቆጠራል።

ዱቤ ለማን?

በየሰፈሩ ሱቅ «ዱቤ የለም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እናያለን። ባለሱቁ ግን ለሚያምነው ሰው ዱቤ ይሰጣል። የእኛም የከፍተኛ ትምህርት ብድር እንዲሁ ነው።

በመደበኛው መርሐ ግብር ተመድቦ የገባ ተማሪ ዱቤ አለው፤ ዛሬ ይማራል፣ ነገ ይከፍላል። እኔ በምኖርበት በጊንጆ ጉዱሩ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ቀን በሰው ሱቅ ቆማ፣ ማታ በተከታታይ ትምህርት መርሐ ግብር የምትማር ወጣት ግን ዱቤ የላትም። የምዝገባውንም የትምህርቱንም ክፍያ በጥሬ ገንዘብ፣ በቅድሚያ ትከፍላለች። የግል ኮሌጅ የገባውም እንዲሁ ነው። አንዱ ወር ደመወዝ ከዘገየ ምዝገባው ያልፋታል። ዕቁብ ጥላ፣ ከዘመድ ተበድራ፣ አንዳንዴም አንድ ሴሚስተር እየተማረች አንድ ሴሚስተር እያረፈች የአራት ዓመቱን ትምህርት በሰባት ዓመት ትጨርሳለች።

እዚህ ላይ «በፈተና ያልፈችው ወይም ያላለፈችው ራሷ ናት፤ ዱቤው የጎበዝ ሽልማት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ግን ቁጥሮቹን እንመልከት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ውጤቱ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል፤ ይሁንና አሁንም ከመቶ ዘጠኝ አይሞላም። አንድም ተማሪ ባላሳለፈ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል መምህር ካለ ሙያውን ይመርምር። ቤተ ሙከራ በሌለበት ፊዚክስ፣ መጽሐፍ በሌለበት ሒሳብ የተማረ የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባ ምርጥ የግል ትምህርት ቤት ከወጣው ጋር በአንድ ወረቀት ይፈተናል። የማሻሻያ መርሐ ግብሩ ለአንዳንዱ ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል፤ መሠረቱን ግን አልቀየረም።

ስለዚህ ውጤቱን በግልጽ ቋንቋ እናስቀምጠው። ለአሥራ ሁለት ዓመት የግል ትምህርት ቤት የከፈለ ወላጅ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከመንግሥት ዱቤ ያገኛል። ለአሥራ ሁለት ዓመት መክፈል ያልቻለ ወላጅ፣ ልጁ ወደ ማታ ወይም ወደ ግል ኮሌጅ ሲሄድ ጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ያለው ይበደራል፤ የሌለው ይከፍላል። ማንም ተንኮል አስቦ የሠራው ነው አልልም፤ ነገር ግን ውሉን ያነበበው ጥቂት ስለሆነ፣ ይህን የተገለበጠ ሚዛን የሚያየውም ጥቂት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ ያቋቋመችው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላለውም በግል ዩኒቨርሲቲ ላለውም ተማሪ ያበድራል፤ የተመለሰው ገንዘብ ለቀጣዩ ተማሪ ይዞራል። ቦርዱ ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም፤ የማይመለስ ዕዳም፣ የገንዘብ እጥረትም አለበት። ቢያንስ ግን ብድሩ ሕንጻውን ሳይሆን ተማሪውን ይከተላል።

አሁን ለምን?

አንባቢ «ሥርዓቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለት ነገር መጥቷል።

የመጀመሪያው የገንዘቡ መጠን ነው። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይያዝ የነበረው በጀት 15 ብር ነበር፤ ኋላ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። በ15 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት ተአምር ስለነበር ጭማሪው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን የደንቡ መርህ የምግብን ሙሉ ወጪ በተማሪው ላይ የሚጥል መሆኑን አስታውሰን ሒሳቡን እንሥራ። የትምህርት ዓመቱን 300 ቀን ብንል፣ በ15 ብር የዓመቱ ምግብ 4,500 ብር ነበር፤ በ22 ብር 6,600፤ በ100 ብር 30,000 ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር ማለት ነው፤ ይህ መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሳይደመር ነው። በወር 10,000 ብር የሚከፈለው ተመራቂ በወር 1,000 ብር እየተቆረጠበት የምግቡን ዕዳ ብቻ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። በቀድሞው ተመን ሦስት ዓመት የተማረ ሰው የምግብ ዕዳ 13,500 ብር ነበር፤ በዚያው ደመወዝ ቢሰላ በአሥራ አራት ወር ያልቃል። ውሉ ያው ነው፣ ቅጹ ያው ነው፣ ሰልፉም ያው ነው፤ የሚፈረመው ነገር ግን ሌላ ሆኗል።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ተማሪውን በራሱ ፈተና መቀበልና በራሱ ከሚከፍል ተማሪ ክፍያ መሰብሰብ ጀምሯል። መንገዱ ለሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። የጅማ ሰው ይህን የሩቅ ወሬ አድርጎ እንዳይሰማው። ከ1940ዎቹ የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1975 ዓ.ም. ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን ከአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ራስ ገዝነት ለአካዳሚ ነጻነት የሚሰጠውን ጥቅም ከማንም አስቀድሜ እመሰክራለሁ። ዩኒቨርሲቲ በራሱ እግር ሲቆም ግን ድሃው ተማሪ በማን እግር እንደሚቆም አብሮ መመለስ አለበት። ክፍያ ቀድሞ መጥቶ ብድሩ ወይም የነጻ ትምህርት ዕድሉ ኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ በመካከል የሚወድቅ አንድ ትውልድ ይኖራል።

ለወላጅና ለተማሪ

ፖሊሲው እስኪስተካከል መቀመጥ አይቻልምና፣ ልጁን ለሚልክ ወላጅና ለሚፈርም ተማሪ የምለው አለኝ።

ውሉን ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የዓመቱ ድምር ስንት ነው? የትኛውን አገልግሎት ነው የምወስደው? በገንዘብ ነው ወይስ በአገልግሎት የምከፍለው? ቤተሰቡ ጅማ ከተማ የሆነ ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ መማር ከቻለ የመኝታ ዕዳ የሚፈርምበት ምክንያት የለም። የፈረማችሁትን ቅጂ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት አስቀምጡ።

ሥራ ስትይዙ አሠሪው ከደመወዛችሁ መቁረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ ማድረጉንም በየጊዜው አረጋግጡ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ትራንስክሪፕቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲላክ ተጠየቀ። ዕዳውን የጨረሰ መስሎት ነበር፤ ለዓመታት ከደመወዙ ሲቆረጥ ኖሯልና። ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የተላከው ገንዘብ ግን በስሙ ተመዝግቦ አልተገኘም። ደረሰኝ ከዚህ፣ ደብዳቤ ከዚያ ሲያሯሯጥ ቀኑ አለፈ። ያ ዕድል ድጋሚ አልመጣም። ዛሬም በዚያው መሥሪያ ቤት፣ በዚያው ወንበር አለ።

ለቡና አምራቹ ወገኔ ደግሞ ልዩ ቃል አለኝ። የቅድሚያ ክፍያ ቅናሽ አለ ሲባል አትቸኩሉ። በክረምቱ፣ እጅ ባጠረበት ጊዜ፣ ቡናውን ገና በዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ አስይዞ ገንዘብ የሚወስድ ገበሬ ከዋጋው ምን ያህል እንደሚያጣ ከእኔ በላይ ያውቃል። ጥቂት በመቶ ለማትረፍ ሲሶ ወይም ሩብ ዋጋ መጣል ሒሳብ አይደለም። የመንግሥት ዱቤ ካገኛችሁ ከነጋዴ ዱቤ ይሻላል። በአንጻሩ ልጁ በማታ ወይም በግል ኮሌጅ የሚማር ከሆነ፣ ገንዘብ በዓመት አንዴ ለሚገባበት ቤት የሚሆነው ክፍያን ከለቀማ ወቅት ጋር ማስማማት ነው። ኮሌጆች ክፍያውን ከፋፍለው ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጋር እንዲያገጣጥሙት መጠየቅ መብት ነው፤ ብዙ ሆነው ሲጠይቁ ደግሞ የሚሰማ አይጠፋም።

የነጻ ትምህርት ዕድሎችንም አትናቁ። ለምሳሌ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚደግፈው መርሐ ግብር ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት የሰጠ ነው። እንዲህ ያሉ በሮች ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት ሰው ሳያንኳኳቸው ነው።

ለሚመለከተው አካል

ለፖሊሲ አውጪዎች የማቀርበው ሐሳብ ረጅም አይደለም።

1ኛ) ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይብራራ። ተማሪው በሚያነበው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሌሎችም፣ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ከምዝገባ ሰልፍ ወጥቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ወላጅ ባለበት ይነገር። ከዚያም ተማሪው በየዓመቱ የዕዳውን መግለጫ ይቀበል። ባንክ ለተራ ደንበኛው የሚያደርገውን መንግሥት ለዜጋው ማድረግ አያቅተውም።

2ኛ) ለክፍያው የኑሮ ወለል ይበጅለት። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ኑሮ እንደተወደደ መንግሥት ራሱ መስክሯል ማለት ነው። ለተመራቂው ዕዳም በየጊዜው ከኑሮ ውድነቱ ጋር የሚታይ፣ ከዚያ በታች የሚያገኝ ሰው የማይቆረጥበት ለኑሮ የሚበቃ ወለል ያስፈልጋል። የአውስትራሊያው ሐሳብ ነፍሱ ይህ ነው፤ ነፍሱን ትቶ ስሙን መውሰድ አይበቃም።

3ኛ) ዱቤው ተማሪውን ይከተል። እውቅና ባለው ተቋም፣ በማታም ይሁን በግል፣ የሚማር ችግረኛ ተማሪ ቢያንስ የትምህርቱን ክፍያ በብድር የሚያገኝበት መንገድ ይከፈት። «መንግሥት ገንዘቡን ከየት ያመጣል?» ለሚለው፣ ከተመራቂዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ ለሚቀጥለው ተማሪ ይዙር እላለሁ። ያን ጊዜ ከፋዩም የሚከፍለው ለማን እንደሆነ ያውቃል። ቡና በ2017 የበጀት ዓመት ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ባስገባበት አገር፣ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ የቡናውን ለቃሚ ልጅ ቢያስተምር ብድር መመለስ እንጂ ልግስና አይሆንም።

4ኛ) የትምህርት ማስረጃ የዕዳ መያዣ አይሁን። ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት ዕዳ እስኪከፈል የሚያዝበት አሠራር፣ ላሟን ከሣር ከልክሎ ወተት እንደመጠበቅ ነው። ሥራ የሚገኘው በማስረጃ፣ ዕዳም የሚከፈለው በሥራ ነው። የገቢ ግብር መለያ ቁጥር ባለበት ዘመን ተበዳሪን ለማግኘት ዲግሪውን መቆለፍ አያስፈልግም።

በመጨረሻ የምለው ይህ ነው። እኔ ለትምህርት መክፈልን አልቃወምም። የተማረ ሰው ካልተማረው የተሻለ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ፣ ላስተማረው ገበሬ የተወሰነውን መመለሱ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ፍትሕ የሚሆነው ዕዳው ሲታወቅ፣ በአቅም ሲለካና ለሁሉም ሲደርስ ነው። የአጋሮ ገበሬ አንድ ኪሎ እሸት ሲሸጥ ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ነጋዴው አሳይቶ ካልመዘነለት ቅርጫቱን አንስቶ ይሄዳል። ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥም ሚዛኑን የማየት መብት አለው። ሚዛኑን ማሳየት ደግሞ የእኛ የመምህራኑም ሥራ ነውና፣ በየክፍላችን በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ለዚያ ውል ብንሰጥ ከማንኛውም ምዕራፍ ያላነሰ ትምህርት ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።